ጊዜ የሌለው ሰው ቤት ሲሸጥ

ከመካከላችን የአንዱ እናት በሐይቅ ከተማ ከአባታቸው የወረሱት ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት አላቸው፤ ነበራቸው ብንል ይሻላል። እሳቸው ደሴ ላይ አስተማሪ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ሰባት ዓመት ሆኗል፤ ልጆቻቸው አራት ሲሆኑ ትልቁ ከእኛው ጋር በአንድ ዶርም የሚያድር ነው። ቤቱን ለመሸጥ የወሰኑት አምና ሦስተኛዋ ልጅ ታማ ገንዘብ በጠፋ ጊዜ ነበር። ከደሴ ሐይቅ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ በሚኒባስ የተጀመረ ወሬ ሳያልቅ ይደረሳል። ታዲያ በዚህች አጭር መንገድ ስንት ጊዜ ተመላለሱ? ልጃቸው አሥራ ዘጠኝ ቆጥሯል። ጉዳዩን የያዘው መሥሪያ ቤት የሚከፈተው እሳቸው ክፍል በሚገቡበት ሰዓት ነው፤ የሚዘጋውም ከክፍል በሚወጡበት ሰዓት። አንድ ቀን ካርታው ተገኝቶ ሳይት ፕላኑ ይጠፋል፤ ሌላ ቀን ሁሉም ተሟልቶ ፈራሚው ስብሰባ ገብቷል። ያላገባ ማስረጃ ያምጡ ተባሉ። ባል ቀብራ አራት ልጅ የምታሳድግ ሴት ‹‹ያላገባሁ ነኝ›› ብላ ወረቀት የምታመጣበት አገር እንግዲህ የኛ ነው።

ይህስ ይሁን። የከፋው ከዚያ በፊት የተደረገው ነው። ሕክምናው አልጠብቅ ቢል ከገዢው 100 ሺህ ብር ቀብድ ተቀብለው፣ በሁለት ወር ውስጥ ስሙን አዛውራለሁ ብለው ፈረሙ። ቤቱ ግን የእሳቸው ብቻ አልነበረም፤ እኅታቸው እኩል ወራሽ ናት። እኅትየዋ ጂዳ በሰው ቤት የሰው ልጅ ታሳድጋለች። በስልክ ‹‹አብሽሪ፣ ሽጪው›› ብላ ፈቅዳለች፤ የላከችው ውክልና ግን ጠቅላላ ውክልና ሆኖ ተገኘ። ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ነው የሚያስፈልገው። ሌላ እስኪመጣ ሁለቱ ወር አለቀ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ደግሞ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ሰው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። 200 ሺህ ብር ማለት ነው፤ ያውም ቀብዱ ሐኪም ቤት ገብቶ ካለቀ በኋላ።

ነገሩ እንዴት እንደ ተቋጨ በኋላ እንመለስበታለን። ጓደኛችን ይህን በማታ ሲያጫውተን መጀመሪያ ያደረግነው መሥሪያ ቤት መስደብ ነው፤ ተማሪ ሲሰድብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ አልለቅ አለን። ቤት መሸጥ እንዲህ ከባድ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው? ያከበደውስ ማነው? በቤተ መጻሕፍት ያገላበጥነውንና ከሐይቅና ከውጫሌ ሽማግሌዎች የሰማነውን ደማመርን። ያገኘነው መልስ እንደ ስድባችን አልሆነም። በዚህ አገር ቤትና መሬት ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ዘወትር እዚያ ያልተገኘ የሌላ ሰው ድርሻ በእጁ አለ፤ ከሁሉ በላይ የልጅ ድርሻ። ሽያጭ እንዲዘገይ፣ ሰው እንዲሰበሰብበት የተደረገው ለዚያ እዚያ ለሌለው ሰው ሲባል ነው። ሥርዓት በተለወጠ ቁጥር የሚሰበሰበው ሰው ይለወጣል እንጂ መዘግየቱ አልቀረም። የመዘግየቱን ዋጋ የሚከፍለው ግን ጊዜ የሌለው ሰው ነው፤ የቸኮለ ደግሞ አፍሶ ይለቅማል።

በዱሮው የአምባሰል ገበሬ አነጋገር ቤት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ጎጆው ነው። ጎጆ በደቦ ይቆማል፤ ምሰሶውና ማገሩ ከጫካ፣ ክዳኑ ከሜዳ ሣር ነው፤ ዋጋው ለደቦኛው የሚቀርበው ጠላ ወይም ቡና ነው። ይህን ማን ይገዛል? ሁሉም የራሱን መሥራት ይችላላ! ልጅ ሲያገባ ‹‹ጎጆ ወጣ›› እንላለን፤ ‹‹ጎጆ ገዛ›› ያለ ሰው ግን አልሰማንም። ሁለተኛው ቤት ወገኑ፣ ዘሩ ነው፤ ዘሩም የሚታወቀው በርስቱ ነው። ርስት ማለት አንድ አቅኚ አባት ካቀናው መሬት ላይ፣ በአባትም በእናትም በኩል ተወላጅ የሆነ ሁሉ የሚጠይቀው ድርሻ ነው። አራሹ አባት በዚያ ላይ ተረኛ ነው፤ ከሱ በፊት የሞቱት፣ ከሱ በኋላ የሚወለዱት ሁሉ አሉበት። እንዲህ ያለው ሰው ‹‹መሬቴን ልሽጥ›› ቢል ገዢ ከመምጣቱ በፊት የአጎቱ ልጅ ዱላውን ይዞ ደጁ ይቆማል። በሚስትና በርስት ቀልድ የለም የተባለው ለዚህ ነው።

ነገሩን እንዳናሳምረው ግን፣ በወሎ ሁሉም ርስተኛ አልነበረም። በባላባትና በመኳንንት መሬት ላይ በእኩል ወይም በሲሶ የሚያርስ ጭሰኛ ብዙ ነበር። የጭሰኛው ጎጆ የቆመው በሰው መሬት ላይ በመሆኑ፣ ልቀቅ ሲባል ይዞት የሚሄደው ምሰሶውንና ልጆቹን ነው። የሚሸጠውም የሚወርሰውም ስለሌለ በሰነድ ውስጥ ብንፈልገው አናገኘውም።

ስለ መሬት ወረቀት መያዝ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ለማየት ከሐይቅ ዳር መራቅ አያሻም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፣ ያኔ ደሴት በነበረው ዛሬ ግን ከየብሱ በተያያዘው ቦታ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስን የአገሪቱ ታላቅ የትምህርት ማእከል አደረጉት። የገዳሙ አበምኔት ‹‹ዐቃቤ ሰዓት›› በሚል ማዕርግ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን ነበረው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል፤ ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራትም ስለ ሐይቅ አበምኔቶች ሲጽፉ ተጠቅመውበታል። በባዶ ገጾቹና በኅዳጉ ላይ ገዳሙ ስለነበረው መጽሐፍ፣ ስለ ተሰጠው ንብረትና ስለ መሬቱ ልዩ ልዩ ማስታወሻ ተጽፎበታል። ለምን በወንጌል ላይ? ማንም ደፍሮ የማይፍቀው ወረቀት እሱ ስለሆነ ነው። እንዲህ ባሉ ማስታወሻዎች መጨረሻ ስጦታውን የሻረ ሰው የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት ይከተላል፤ የዛሬው ማኅተም ያኔ ግዝት ነበር። ልብ ያልነው ሌላ ነገርም አለ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ሴት የማትገባበት ገዳም ነው። እንግዲህ በአገራችን እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት የንብረት መዝገቦች አንዱ እናት ገብታ ልታየው በማትችል ቦታ ተቀመጠ ማለት ነው። እማማ በዚያ መሥሪያ ቤት በር ላይ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ የቆሙት ታዲያ ከአያቶቻቸው ተሽለው ነው!

በሐይቅ የምናገኘው ግን ይበልጡን የስጦታ ማስታወሻ ነው። የሽያጭ ወረቀት በብዛት ለማየት ወደ ጎንደር መሻገር ግድ ይሆናል። ዶናልድ ክራሚ የተባሉት የታሪክ ሊቅ በጎንደርና በአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የተጻፉ የ18ኛውና የ19ኛው መቶ ዓመት የመሬት ሽያጭና የክርክር ማስታወሻዎችን ሰብስበው አጥንተዋል። ዋጋው አንዳንዴ በወርቅ፣ አንዳንዴ በጨው፣ ኋላም በጠገራ ብር ነው። ሁለት ነገር አስገርሞናል። አንደኛው የምስክሩ ብዛት ነው፤ ሻጭና ገዢ በአንድ መስመር ያልቁና የእማኙ ስም ዝርዝር ይቀጥላል። ሁለተኛው የሴቶቹ ነገር ነው። ሴቶች ሻጭም፣ ገዢም፣ ተከራካሪም ሆነው ይገኛሉ። በቤጌምድር ሴት ልጅ ርስት ትወርሳለች፤ የወረሰችውንም ትሟገትበታለች። ስለዚህ ‹‹ዱሮ ሴት ንብረት አልነበራትም›› እያልን በየስብሰባው የምናወራው ነገር ቢያንስ ከነዚህ ወረቀቶች ጋር አይስማማም።

የእማኙ ብዛት ሥራ ነበረው። መዝጋቢ መሥሪያ ቤት በሌለበት አገር መዝገቡ ሰው ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሻጩ ልጅ ተነሥቶ ‹‹አባቴ አልሸጠም›› ቢል፣ ከእማኞቹ አንዱ እንኳ በሕይወት ይገኛል ተብሎ ነው። ዋስም ይጠራል፤ ዋሱ ለሻጩ ወገን ዝምታ መያዣ ነው። ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ቀን ማሰባሰብ፣ ማብላትና ማጠጣት፣ ከአዝመራ በኋላ እንጂ በክረምት የሚሆን አይደለም። ገበሬ አባት ደግሞ በጋ ላይ ጊዜ አለው። በክረምት የሚሸጥ ካለ የቸገረው ነው፤ የቸገረውን ሰው ገዢው ያውቀዋል።

ስለ ውል ከተነሣ ውጫሌን ሳናነሣ ብናልፍ አምባሰሎች ይቀየሙናል። በዚህች አገር ታሪክ እጅግ ስሙ የገነነው ውል የተፈረመው በአምባሰል ምድር፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከውጭ መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በኢጣሊያ በኩል ማድረግ ‹‹ይቻላቸዋል›› ሲል፣ የጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱት፤ ነገሩም በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ አለቀ። አንድ የውጫሌ ሽማግሌ ይህን አንሥተውልን ‹‹እኛ ዘንድ ሰው ሳያስነብብ አይፈርምም›› ብለው ሳቁ። እማማም አስነብበው ነው የፈረሙት፤ ስለ እጥፉ ሲነበብ ሐሳባቸው ልጅቷ ጋ ነበር እንጂ።

ከተማው የመጣው ከመንገዱ ጋር ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከአስመራ በደሴ ወደ አዲስ አበባ የሠራው መንገድ በውጫሌና በሐይቅ አለፈ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆርቆሮ ቤት ተደረደረ፤ ሆቴል፣ ጠጅ ቤት፣ ሱቅ፣ የሚከራይ ክፍል። ቆርቆሮ ዋጋ አለው፤ ሚስማርና እንጨት ዋጋ አለው። ያን ጊዜ ነው ጎጆ ወጥታ ቤት የገባችው፤ ቤት በብር የሚገዛና የሚሸጥ ዕቃ ሆነ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ለዚህ ዓይነቱ ኑሮ ደንብ አወጣ፦ የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ይሁን፤ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይሁን፤ በመዝገብም ይግባ። አዲስ አበባ ላይ ይህ ይሠራ ይሆናል። በትንንሽ ከተማ ግን ሰው በለመደው ቀጠለ፤ ሦስት አራት እማኝ ጠርቶ፣ ባለ መስመር ወረቀት ላይ አጽፎ፣ ጣት አስነክሮ፣ ቡና ጠጥቶ ይለያያል። ይህ ‹‹የመንደር ውል›› ሥራ ለሚበዛበት ሰው የተስማማ ነው፤ በአንድ እሑድ ያልቃል። መዘዙ የመጣው ብዙ ዘግይቶ ነው፤ እንደርስበታለን።

አሁን ወደ ክፉው ዘመን እንግባ። በ1965 እና 66 ዓ.ም. ወሎ ተራበ። አምባሰል አውራጃ ከተጎዱት አንዱ ነበር። የዩኒቨርሲቲው መምህራን በ1965 ወሎ ወርደው ያዩትን ይዘው ተመልሰው ለተማሪው አሳዩ፤ የቀረውን ሁላችንም የምናውቀው ነው። እኛ የምንፈልገው ያን ያህል ያልተወራውን፣ የሽያጩን ነገር ነው። አማርትያ ሴን የተባሉት የኢኮኖሚ ሊቅ ስለ ወሎ ረሃብ ሲጽፉ፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ የተፈራውን ያህል እንዳልናረ አሳይተዋል። ታዲያ ሰው ለምን ሞተ? የገበሬው አዝመራ ጠፍቶ መግዣ አጣ፤ ሊሸጥ ያወጣው ከብትም ረከሰ። ሁሉም በአንድ ቀን ሻጭ ሲሆን ገዢ እንደልቡ ይቆርጣል። በሬ አለቀ፤ ከበሬ ቀጥሎ የነበረው መሬት ነው። መሬቱን ወለድ አገድ ያስያዘ አለ፤ ወለድ አገድ ማለት ገንዘቡ እስኪመለስ ድረስ አበዳሪው መሬቱን በወለዱ ፈንታ እያረሰ ይበላል ማለት ነው። ገንዘቡ መቼ ይመለሳል? መሬት የሌለው ሰው በምን ይመልሰዋል? እማኝ ለመሰብሰብ፣ ዘመድ ለማማከር፣ በጋ ለመጠበቅ ጊዜ አልነበረም። ቅድም ያልነው ለልጅ ድርሻ ሲባል የታጠረው አጥር ሁሉ፣ ልጁ ራሱ ሲርበው ፈረሰ። አባትየው ማንን ለማዳን ማንን ይጠብቅ?

ከዚያ 1967 መጣ። የካቲት 25 ቀን የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ፣ አዋጅ ቁጥር 31/1967፣ መሬትን በሽያጭ፣ በለውጥ፣ በውርስ፣ በመያዣ፣ በወለድ አገድ፣ በኪራይ ማስተላለፍ ከለከለ። የወለድ አገድ ስም በአዋጁ ውስጥ ተለይቶ መጠራቱ የወሎን ነገር ያስታውሰናል። ክልከላው አንድ ቀዳዳ ትቷል፤ ባለ ይዞታው ሲሞት ሚስት ወይም ባል፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችም በመሬቱ መጠቀም ይቀጥላሉ። ሁሉን ቢያፈርስም የልጅን ነገር አልደፈረም። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወጣ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፤ የቀረው ትርፍ ነው። የትልልቆቹ ባለ ፎቅ ቤቶች መወረስ አላሳዘነንም፤ ዛሬም አያሳዝነንም። ግን በየመንገዱ ዳር ከተማ ጠላ እየሸጠች፣ ከመኖሪያዋ ጀርባ አንድ ክፍል ቀጥላ አከራይታ ልጅ የምታስተምር ሴትም ነበረች፤ ያቺም ክፍል ትርፍ ተባለች። ከዚያ ወዲህ የከተማ ሰው ስለ ቤት ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀው ‹‹ይወረስ ይሆን?›› ብሎ ነው። እኛ ያልኖርንበት ፍርሃት እኛ ላይም ደርሷል።

ከኛ በፊት በ1957 ዓ.ም. ‹‹መሬት ለአራሹ›› ብለው ሰልፍ የወጡ ተማሪዎች ስለ መሬት ብዙ አሰቡ፤ ስለ ቤት ግን እምብዛም። ስለዚህ በ1977 ዓ.ም. የሆነውን ለመረዳት መጽሐፋቸው ብዙ አይረዳንም። ያን ዓመት ረሃቡ ሲመለስ የአምባሰል ገበሬ መሬት የሚሸጥበት መንገድ አልነበረውም። ደሳለኝ ራህማቶ በዚሁ በአምባሰል አውራጃ ገበሬዎች ዘንድ ያደረጉት ጥናት፣ ሰዉ ረሃቡን እንዴት በደረጃ እንደተከላከለው ያስረዳል። መጀመሪያ ምግብ ይቀነሳል፤ ብድር ይጠየቃል፤ ከዚያ ፍየልና በግ ይወጣል፤ የእርሻ በሬ እስከ መጨረሻው ይያዛል። የሚሸጠው ሁሉ ይረክሳል። ስደት የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ሽማግሌዎች ለኛ የጨመሩልን ደግሞ ይህን ነው፤ በመጨረሻ አንዳንዱ የገዛ ቤቱን በር ነቅሎ፣ ማገሩን ፈልጦ ለማገዶ ሸጠ። አንዲት እናት ‹‹ቤቴን በሸክም ሸጥኩት›› አሉን። ከጎጆው እንጨት ሦስት ሸክም ወጥቷል፤ በሱም ለልጆቹ እህል ገዝተው ሁለት ሳምንት ቆዩ። የልጆቹን ነገር እኛም አልጠየቅናቸውም።

ክልከላው ገበሬውን ጎዳው ወይስ ጠቀመው? በዚህ ላይ ስንከራከር አንድ ሌሊት አሳልፈናል። አንዳችን፣ በ66 መሬቱን የሸጠ ሰው ዝናብ ሲመለስ የሚመለስበት አልነበረውም፤ በ77 ግን ቀበሌው ውስጥ ድርሻው ቆየው አለ። ሌላው ደግሞ፣ ሠፈራ ለተወሰደው ሰው ምን ቆየው? ብሎ መለሰ። በ1977 እና 78 ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወስዶ ሰፍሯል፤ ትልቁ ድርሻ ከወሎ ነው። ቤታቸው ፈረሰ፤ መሬታቸውን የገበሬ ማኅበሩ ለሌላ ሰጠው፤ ከ1983 በኋላ የተመለሱት ደጃቸው ላይ እንግዳ ሆኑ። የኛ አብዛኛው ድምፅ ለክልከላው ነበር፤ የተራበ ሰው መሬት ሲሸጥ በነጻ ፈቃድ ሸጠ ማለት ስለማይቻል። ግን ስለ ቤቱስ? ዋጋ የሌለው ቤት ለችግር ቀን አይሆንም። ሦስት ሸክም እንጨት!

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ይህን ያህል ለየ፦ መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ በጉልበትና በገንዘብ የተገነባው ቤት ግን የባለቤቱ ነው፤ ይሸጣል፣ ይወረሳል። በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። በገበያ ላይ ግን የእማማ ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ግድግዳው ቢመዘን ስንት ያወጣል? ገዢው የከፈለው ለመንገድ ዳርነቱ ነው፤ ማለትም ለማይሸጠው ነገር። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ‹‹ለቤቱ›› ብሎ ይፈርማል። በገጠሩም ልክ እንዲሁ ሽያጩ ‹‹ስጦታ›› ተብሎ ይጻፋል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ አንድ ነገር ነበረው፤ ነባር ይዞታ በውርስ ለልጅ ሲተላለፍ እንደ ነበረ ይቀጥላል፤ ለገዢ ሲተላለፍ ግን ወደ ሊዝ ይገባል። ልጅና ባዕድ በሕግ ፊት እኩል አይደሉም። ያ የአጎት ልጅ ዱላውን ጥሎ ወረቀት ይዞ መጣ ብንል ከቀልድ ባያልፍም እውነትነት አለው። ከዚህም ሌላ፣ የጋራ ቤት ያለ ባልና ሚስት ስምምነት አይሸጥም፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ድርሻ ያለበት ቤት በሞግዚት እጅ ሆኖ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ አይሸጥም። በክልላችን የገጠር መሬት ደብተር ላይ የባልና የሚስት ሁለቱም ፎቶግራፍ ይለጠፋል። የከፋ ነገር የለበትም፤ እንዲያውም ብዙ እናት ያዳነ ነው።

የመንደር ውሉ መዘዝ የታየው በ1999 ዓ.ም. ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ፣ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ያልተደረገ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም አለ። ከ1997ቱ አዋጅ ወዲህ የሰበር ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ሁሉ ያስገድዳል። ስለዚህ በእሑድ ቡና ላይ የተገዛ ቤት ሁሉ በሥጋት ላይ ወደቀ። አሥር እማኝ ቢቆምም አንድ ማኅተም ይበልጠዋል። ሕጉ አልተሳሳተም እንላለን፤ በመንደር ውል አንድን ቤት ለሁለት የሚሸጥ አጭበርባሪ ሞልቷል። ሆኖም ወደ ማኅተሙ ለመሄድ ጊዜ ያጣው ሰው ማን እንደሆነ አንባቢ ይገምት።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜም ቦታም ያጣችው የዐረብ አገር ስደተኛዋ ናት። ከአምባሰልና ከተሁለደሬ ወደ ሳውዲና ወደ ሌሎቹ የዐረብ አገሮች ያልሄደች ልጅ የሌለችበት ሠፈር ማግኘት ይቸግራል። በሐይቅና በውጫሌ ‹‹የእገሊት ቤት›› ተብለው የሚጠሩ ቆርቆሯቸው የሚያብለጨልጭ ቤቶች አሉ፤ እገሊት ግን አንድ ሌሊት አላደረችባቸውም። ቤቱን የገዛላት ወንድም ነው፤ ካርታው በማን ስም እንደሆነ አትጠይቅም፤ ወንድምን ‹‹በማን ስም ነው?›› ብሎ መጠየቅ ነውር ነዋ! ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ ሲባረሩ፣ በአንድ ፌስታል ልብስ ተመልሰው የገዛ ቤታቸውን በር ያንኳኩ ነበሩ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ሐይቅን ሲያጥለቀልቅ ደግሞ ሰው ሁሉ በር ቆልፎ ወጣ፤ ሽማግሌዎቹ እንደነገሩን በቅሎ ያለው ዕቃውን ጫነ፤ እናቶች ካርታውንና የልጆቹን የልደት ወረቀት በነጠላቸው ቋጠሩ።

የእማማ ነገር እንዲህ ሆነ። ገዢው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሼህ ናቸው፣ እሳቸውም የልጆች አባት። ሽማግሌ ተላከ። ‹‹እጥፉን አልጠይቅም፣ ሁለት ወርም እጨምራለሁ፤ ግን ከዋጋው ይቀነስልኝ›› አሉ። ተቀነሰ፤ ስንት እንደሆነ ጓደኛችን ሊነግረን አልፈለገም። የእኅትየዋ ልዩ ውክልና በሦስተኛው ሳምንት ደረሰ። ስሙ በተዛወረ ቀን ልጅየው አብሮ ሄዶ ነበር። እማማ ከቤቱ ያወጡት የአባታቸውን የቡና ሙቀጫ ብቻ ነው፤ በሚኒባሱ ውስጥ በጉልበታቸው መሀል ይዘውት ደሴ ገቡ። ልጅቷ ድናለች።

እኅትየዋ ድርሻዋን እንዲልኩላት አልፈለገችም። በገንዘቡ ውጫሌ ላይ አነስ ያለች ቤት ትፈለግልኝ፣ ካርታውም በስሜ ይሁን ብላለች። የሚፈልጉት ያው እማማ ናቸው። ውጫሌ ከሐይቅም አልፎ ነው። በዚህ መንፈቅ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክፍል ስለሌላቸው ሐሙስን ይዘዋል።